ሸረሪቷ ጠፍታለች፤ ለአማቴ ልንገር?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ባለትዳር ነኝ። አራት ዓመት ያሳደግኳት የሜክሲኮ ቀይ ጉልበት ታራንቱላ የምትባል ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት አለችኝ። የባለቤቴ እናት ሊጠይቁን መጥተው ለአንድ ወር እኛ ዘንድ ናቸው፤ የሚተኙትም የሸረሪቷ ሳጥን ባለበት ክፍል ነው። ስለ ሸረሪቷ ግን አልነገርናቸውም። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍነን ‹ብርሃን የማይወድ ተክል ነው› ብለናቸዋል። ከአምስት ቀን በፊት እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው ሳሉ ገብቼ ውኃዋን ልቀይር ስል የለችም። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። ባለቤቴ ‹ወይ ፈልገህ አግኛት ወይ እናቴን ሆቴል አስገባልኝ› ብላኛለች። እኔ ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ፣ አማቴ ከቤት ሲወጡ ብቻ እፈልጋለሁ። እስካሁን ሞታ ይሆን? የት ልፈልጋት? እሳቸውን ብትነክስስ? ከተገኘችስ በኋላ ባለቤቴ እንደምትለው ለሌላ ሰው ልስጣት? — የጨነቀው»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ያጣሩ፤ ሸረሪቷ በእርግጥ ወጥታለች? ክዳኑ እንደተዘጋ ነው ብለዋል። አፈሩን ስለመፈተሽዎ ግን በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቃል የለም። የእርስዎ ዓይነቷ ታራንቱላ መሬት ላይ የምትኖርና መቆፈርም የምትችል ናት። በተለይ ቆዳዋን የምትቀይርበት ጊዜ ሲቃረብ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ መግቢያውን በአፈርና በድር ትደፍንና ለሳምንታት ብቅ ሳትል ልትቆይ ትችላለች። ከላይ ለሚመለከት ሰው ሳጥኑ ባዶ ነው። አሳዳጊዋ ሶፋ ሲገለብጥ እሷ አንድ ጣት በማይሞላ አፈር ሥር የተቀመጠችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ የእጅ ባትሪ ይዘው የሳጥኑን ጎኖች፣ ከተቻለም ሥሩን ይመልከቱ። ጉድጓዱ መስተዋቱን ተደግፎ የተቆፈረ ከሆነ ከጎን ይታያል። ካልታየ የውኃ ሳህኑንና መደበቂያዋን ቀስ ብለው ያውጡና አፈሩን ከዳር ጀምረው በማንኪያ በስሱ ያንሱ። ድር የተነጠፈበት ክፍት ቦታ ካጋጠመዎት እዚያው ያቁሙ። በጀርባዋ ተንጋልላ ካገኟት ሞተች ብለው አይደንግጡ፤ ታራንቱላ ቆዳዋን የምትቀይረው እንዲያ ሆና ነው። የሞተችው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብላ እንደቆመች እግሮቿን ወደ ሆዷ ሥር ሰብስባ ነው የምትገኘው። ቆዳ በምትቀይርበት ሰዓት ሰውነቷ፣ መንከሻ ጥርሶቿ ሳይቀሩ፣ ለስላሳ ስለሚሆን አንዲት የማንኪያ ጫፍ ልትገድላት ትችላለች። አይንኳት፤ ክዳኑን መልሰው ይተዋት።

አፈሩም ባዶ ከሆነ የተዘጋው ክዳን አያታልልዎ። ከላይ የተቀመጠ እንጂ ያልተቆለፈ ክዳን ለጎልማሳ ታራንቱላ ከባድ አይደለም። እግሮቿ ጫፍ ላይ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች መስተዋት ላይ ትወጣለች፤ ክዳኑን ከታች ገፍታ በቀዳዳው ትሾልካለች፤ ክዳኑም በራሱ ክብደት ተመልሶ ይገጥማል። የቀዳዳውን ልክ በሆዷ አይለኩት። ሆዷ ለስላሳ ስለሆነ ይጨመቃል። መለኪያው የፊተኛውን ክፍሏን የሚሸፍነው ጠንካራ ጋሻ ነው፤ እሱ ባለፈበት ሁሉ እሷም ታልፋለች።

አሁን ወደ አማትዎ ልምጣ። ዝም አይነቅዝም ብለዋል። ይህኛው ነቅዟል። ከአፈሩ ባዶ እጅዎን እንደተነሱ፣ በዚያው ሰዓት ይንገሯቸው። ይህን የምለው ስለ ጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለሸረሪቷም የሚሻለው ይኸው ስለሆነ ነው። ያላወቀ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ግድግዳው ግርጌ መዳፍ የሚያህል ፀጉራም ነገር ቢያይ ምን ያደርጋል? ጫማ ያነሣል። ወይም ነፍሳት መግደያ ይረጫል፤ ያ ርጭት ለበረሮ እንደተሠራ ሁሉ ለታራንቱላም መርዝ ነው። ወይም ምንም ሳያይ አልጋውን ጎትቶ ሥሩን ይጠርግና የተደበቀችውን ይጨፈልቃታል። ሸረሪትዎን ሊገድሏት የሚችሉት ነገሮች በሙሉ ያሉት ምንም በማያውቁት ሰው እጅ ነው።

በዚያ ላይ ፍለጋዎ ራሱ በዝምታው ምክንያት ተበላሽቷል። ታራንቱላ የሌሊት እንስሳ ናት። እርስዎ የሚፈልጓት አማትዎ ወጣ ሲሉ፣ በቀን፣ እሷ ስንጥቅ ውስጥ ተወትፋ በማትነቃነቅበት ሰዓት ነው። በምትንቀሳቀስበት ሰዓት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ እሳቸው ተኝተዋል። በዚህ አያያዝ አማትዎ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ ባያገኟት አይገርመኝም።

የሚነግሯቸው እርስዎ ይሁኑ፤ ባለቤትዎን መልእክተኛ አያድርጓቸው። ሸረሪቷ የእርስዎ ናት። «አይጨነቁ» ብለው አይጀምሩ፤ ይህ ቃል ሰውን ከማስጨነቅ ሌላ ሥራ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ምን እንደሆነች፣ ምን ያህል እንደምታክል፣ መቼ እንደጠፋች በአጭሩ ይንገሯቸው። ሰውን ፈልጋ የምትመጣ እንስሳ አይደለችም፤ ዓይኗ ደካማ ነው፤ ዓለምን የምታውቀው በእግሮቿ በሚሰማት ንዝረት ነው፤ ከትልቅ ነገር ኮቴ ትሸሻለች። የእናንተን መኝታ ክፍል ይስጧቸውና እናንተ በእሳቸው ክፍል ይተኙ። ፍለጋውም የሚጀመረው ከዚያ ስለሆነ ለሁሉም ይበጃል። አንድ ጎድጓዳ ሳህንም ይስጧቸው፤ ካዩዋት ደፍተውባት እንዲጠሩዎት። ሳህን በእጁ ያለ ሰው ጫማ አያነሣም። ብርሃን የማይወደው ተክል ነገር ሳይነሣ ያልፋል ብለው ግን ተስፋ አያድርጉ። ይነሣል። ይቅርታ ይጠይቁ።

ሆቴሉን በተመለከተ ምርጫው የእሳቸው ነው እንጂ የእርስዎም የባለቤትዎም አይደለም። እሄዳለሁ ካሉ ግን ሻንጣቸው ሳይፈተሽ ከቤት እንዳይወጣ። ክፍት ሆኖ አልጋ ሥር የተቀመጠ፣ ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ ጨለማና ጠባብ ቦታ ለሚፈልግ እንስሳ የታወቀ መደበቂያ ነው። ልብሶቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ እሳቸው እያዩ ያውጡ። ጫማዎችንም እንዲሁ።

ንክሻውን እንዳላሳንሰውም እንዳላጋንነውም እፈልጋለሁ። የሜክሲኮ ቀይ ጉልበት ከአሜሪካ አህጉር ታራንቱላዎች አንዷ ናት፤ መርዟ ለሰው ደካማ ነው፤ ሕመሙን ብዙዎች ከንብ ንድፊያ ጋር ያነጻጽሩታል። በታራንቱላ ንክሻ ሰው ስለመሞቱ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ከተነከሱ በኋላ መተንፈስ የሚያስቸግራቸው ወይም ፊታቸው የሚያብጥ ሰው ቢኖር ግን በማንኛውም ንድፊያ እንደሚደረገው ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ከጥርሷ ይልቅ እኔ የምጠነቀቀው ፀጉሯን ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዝርያዎች ሲፈሩ በኋላ እግራቸው ሆዳቸውን እያበሱ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ፀጉሮችን ይረጫሉ። ቆዳ ላይ ካረፉ ማሳከክ ነው፤ ያልፋል። ዓይን ውስጥ ከገቡ ግን ጥቃቅኖቹ ፀጉሮች ዓይኑ ውስጥ ሊተከሉና ለረጅም ጊዜ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ስለዚህ ማንም ሰው አልጋ ሥር ተንበርክኮ ፊቱን አስጠግቶ እንዳያይ። የሚፈልገው ሰው መነጽር ያድርግ፤ ሲጨርስ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይንካ። የተረጨበት ሰው ዓይኑን ሳያሽ በብዙ ውኃ ይታጠብና የዓይን ሐኪም ያማክር።

እዚህ ላይ በቅንፍ አንድ ነገር ልበል፤ የጠፋችብዎ ከእስያ ወይም ከአፍሪካ ዝርያዎች አንዷ ብትሆን ኖሮ አነጋገሬ ይለወጥ ነበር። እነዚያ የሚረጭ ፀጉር የላቸውም፤ በምትኩ ፈጣኖች ናቸው፤ ንክሻቸውም የከፋ ነው። ፖይሲሎቴሪያ የሚባሉት የህንድና የስሪላንካ ዛፍ ኗሪዎች የነከሱት ሰው ለቀናት የሚመላለስ ጠንካራ የጡንቻ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። በአውስትራሊያ ታራንቱላዎች የተነከሱ ውሾች መሞታቸውም በጥናት ተመዝግቧል። የትኛዋም ዝርያ ብትሆን፣ በቤቱ ውስጥ ውሻ ወይም ድመት ካለ ፍለጋው እስኪያልቅ ከክፍሉ መራቅ አለበት። በእርስዎ ሁኔታ የሚጎዳው ከድመቷ ይልቅ ሸረሪቷ ትሆናለች።

ሞታ ይሆን ላሉት፣ በአምስት ቀን አትሞትም። ጎልማሳ ታራንቱላ ያለ ምግብ ወራት መቆየት ትችላለች። ረኀቡን ይተዉት። ጥሙን ያስቡ። ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው በጡንቻ ሳይሆን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ውኃ ሲያንሳት ግፊቱ ይወርዳል፤ እግሮቿም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ በክፍሉ ማዕዘኖች፣ ግድግዳውን አስጠግተው፣ ጥልቀት የሌላቸው የውኃ ሳህኖች ያስቀምጡ። አጠገባቸውም ጨለም ያለ መግቢያ ያለው ነገር ያኑሩ፤ በጎኑ የተጋደመ የካርቶን ሳጥን ከውስጡ እርጥብ ጨርቅ ቢደረግበት ይበቃል። ቤቱ ደረቅ ከሆነ እሷም ልክ እንደዚህ ያለ ቦታ ትፈልጋለች። በሕይወት ያለ ፌንጣ ለማባበያ መልቀቅን የሚመክሩ ሰዎች አይጠፉም፤ እኔ አልመክርም። ሸረሪቷ ሳትገኝ ፌንጣውም ይጠፋል፤ ቆዳ እየቀየረች ካገኛትም እሱ ነው የሚበላት።

የት ልፈልግ ላሉት፣ ከሳጥኑ ይጀምሩና ግድግዳውን ይከተሉ። መሬት ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ወለሉን መሐል ለመሐል ከማቋረጥ ይልቅ ግርጌ ግርጌውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሰውነታቸው በሁለት በኩል የሚነካበት ጠባብ ቦታ ሲያገኙም ይቆማሉ። በመጀመሪያ ግን ክፍሉን ይዝጉ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ ይድፈኑት። ከዚያም ከሳጥኑ ጀርባ፣ ሳጥኑ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥርና ከጠረጴዛው ሰሌዳ የታችኛው ገጽ ላይ ይመልከቱ። ሰዎች ወለሉን ያያሉ፤ እሷ ግን ከላያቸው፣ ከእንጨቱ ሥር ተገልብጣ ትጣበቃለች። ቀጥሎ የቁም ሣጥን ጀርባና ግርጌ፣ የመጋረጃው እጥፋት፣ ከመጻሕፍት በስተኋላ፣ የአልጋው ፍሬም መገጣጠሚያ። ሶፋ ካለ ከሥሩ የተሰፋውን ስስ ጨርቅ ይመርምሩ፤ የተቀደደ ከሆነ ውስጡ ገብታ ሊሆን ይችላል። ትንሽ መስተዋትና የእጅ ባትሪ ካሉዎት አንገትዎን ሳያስገቡ ሁሉንም ያያሉ። ምንም ዕቃ አይጎትቱ፤ ለሁለት ሆነው ያንሡ፤ ከማንሣትዎ በፊትም ሥሩን ይዩ።

እሷን ባያዩ እንኳ ምልክቷን ሊያዩ ይችላሉ። ያረፈችበት ቦታ ላይ ስስ ድር ታነጥፋለች፤ እዳሪዋም ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። እነዚህን ካዩ በዙሪያው በእጅዎ አይፈትሹ። ሌሊት እስኪሆን ይጠብቁና መብራቱን አጥፍተው ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ክፍሉን ጸጥ ያሰኙ። ከዚያ በባዶ እግርዎ ሳይሆን በነጠላ ጫማ፣ ቀስ ብለው ይግቡ። የባትሪውን ብርሃን በቀይ ፕላስቲክ ቢሸፍኑት ብዙም አትደናገጥም። ከዚህ ክፍል ወጥታ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በየበሩ ደፍ ላይ ስስ የዱቄት መስመር ይነስንሱ። ጠዋት የእግሮቿን ነጥብ ነጥብ ያያሉ። ከወጣች ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ይቀድማሉ፤ አንዱ ከማቀዝቀዣው ሞተር በስተኋላ ሙቀት አለው፤ ሌላው እርጥበት።

ለአይጥ የሚዘረጋ የሚያጣብቅ ወጥመድ በቤቱ ካለ ዛሬውኑ ይነሣ። እዚያ ላይ የተጣበቀች ታራንቱላ እግሮቿ ሳይቆረጡ አትላቀቅም። አቧራ የሚመጥ ማሽንም እስክትገኝ ድረስ አይነካ።

ደግሞም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «እሷ» የሚሏት በእርግጥ ሴት ናት? አራት ዓመት ያሳደጉት ወንድ ከሆነ አሁን ለአካለ መጠን ደርሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ወንድ ሳጥኑ ምንም ቢመች አይቀመጥም፤ ሴት ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ከፊት እግሮቹ ላይ ትናንሽ መንጠቆዎች፣ ከአፉ አጠገብ ባሉት አጫጭር እግር መሰል አካላት ጫፍ ላይም የቦክስ ጓንት የመሰለ እብጠት ካስተዋሉ ወንድ ነው። ያኔ ፍለጋውን ቶሎ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ያስፉ። ሴት ከሆነች ግን ጥሩ ስንጥቅ ካገኘች ከሳጥኗ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ለሳምንታት ልትቀመጥ ትችላለች።

ስታገኟት በእጅ ለመያዝ አይሞክሩ። ሰፊ አፍ ያለው ብርሃን አሳላፊ ዕቃ ይድፉባት፤ የእግሮቿን ጫፍ እንዳይቆርጡ ተጠንቅቀው ከሥሯ ጠንካራ ወረቀት ያንሸራቱ። ጠባብ ቦታ ላይ ከሆነች ዕቃውን ከፊቷ ይያዙና ከኋላ እግሮቿ አንዱን በለስላሳ ብሩሽ ነካ ያድርጉ፤ ራሷ ትገባለች። በትንፋሽዎ አይንፏት፤ ትረበሽና ትሮጣለች። ግድግዳ ላይ ከፍ ብላ ካገኟት ከሁሉ በፊት ሥሯ ትራስ ይዘርጉ። ከባድ ሆድ ያላት ሸረሪት ከሰው ቁመት ከወደቀች ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል፤ በቤት ውስጥ ከጠፉት ብዙዎችን የሚገድላቸው ረኀብ ሳይሆን መውደቅና መረገጥ ነው።

ወደ ሳጥኗ ከመለሷት በኋላ ሆዷን ይመልከቱ። ከተጨማደደና ካነሰ ውኃ ጠምቷታል። እግሮቿን አጥፋ መንቀሳቀስ ካቃታት አፏ ጥልቀት የሌለውን የውኃ ሳህን ዳር እንዲነካ አድርገው ፊቷን ብቻ ያስጠጓት። ሆዷ ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ሳንባዎቿ ያሉት ከሆዷ ሥር ነው። እግር ጎድሏት ከተገኘች ብዙ አይዘኑ፤ ቆዳዋን ስትቀይር መልሳ ታበቅለዋለች። ምግብ ለጥቂት ቀናት አይስጧት፤ ትረጋጋ።

የመጨረሻውን ጥያቄዎን ሸረሪቷ ሳትገኝ አይወስኑት። በጭንቀት ሌሊት የሚገባ ቃል ጠዋት ይጸጽታል፤ ባለቤትዎም ዛሬ የሚናገሩት ስለ ሸረሪቷ ሳይሆን ስለ እናታቸው ይመስለኛል። ሆኖም ይህን ይወቁት፤ የዚህ ዝርያ ሴት ከ20 ዓመት በላይ መኖር ትችላለች። ባለቤትዎ እሺ ማለት ያለባቸው ለአንድ ወር እንግድነት ሳይሆን ለሃያ ዓመት ጎረቤትነት ነው፤ እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም። ከሰጧትም ከአደራ ጋር፣ ለሚያውቅበት ሰው ይስጡ። የእርስዎ ሸረሪት የምትመደብበት የብራኪፔልማ ወገን ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚገዛው የሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ስለሚደረግበት ስትገዙ የተቀበሏቸው ወረቀቶች ካሉ አብረው ይሂዱ። ሜዳ ላይ መልቀቅ ፈጽሞ አይታሰብ።

ብትቀር ደግሞ ክዳኑ ይቆለፍ። ከላይ ድንጋይ ወይም መጽሐፍ መጫን መቆለፍ አይደለም። ጎንና ጎኑን የሚይዝ ማያያዣ ይሠራለት፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ከጋሻዋ ያነሱ ይሁኑ። የሽቦ መረብ ክዳን ከሆነ ይቀይሩት፤ የእግሯ ጥፍር ይያዝበታል፤ መረቡንም ነክሳ የምትበሳ አለች። ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ባለቤትዎ ይምረጡ፤ የእንግዳው መኝታ ክፍል ግን ከምርጫው ውስጥ አይግባ።